መብልን የተጸየፈ ሕመምተኛ ይጾማልን?

ጾም በታወቀ ጊዜ ከመብል መከልከል እንደ ሆነ፥ ይህም የሥጋን ፍትወት ለነፍስ ለማስገዛት እንደ ተሠራ ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጽ ያስተምራል። ይህን ትርጓሜ አጽንቶ የያዘ ሰው ግን አንድ ጥያቄ ይመጣበታል። ፍትወተ መብል ፈጽሞ የጠፋበት፥ ወጥ በሸተተው ጊዜ አንጀቱ የሚገለባበጥ፥ ውኃ እንኳ በአፉ ብረት ብረት የሚለው ሕመምተኛ ከምን ይከለከላል? የሚያስገዛውስ ፍትወት የትኛው ነው?

ጥያቄው ለክርክር ብቻ የተነሣ አይደለም። በፍኖተ ሰላም፥ በቡሬ፥ በጃቢ ጠህናንና በወንበርማ ገጠር ነቀርሳ የያዛቸው ምእመናን አሉ። እነዚህም በደም ሥር የሚሰጠውን፥ ሐኪሞች ኬሞቴራፒ የሚሉትን መድኃኒት ለመቀበል ከፍኖተ ሰላም ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዘው ባሕር ዳር ወደ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ይሄዳሉ፤ ሌሎችም ዐባይን ተሻግረው አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ይደርሳሉ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ደግሞ መንገድ ሲዘጋ ቀጠሮ ያልፋል። መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ በየ21 ቀኑ ስለሚሰጥ፥ በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀኖች ውስጥ ሕመምተኛው ሁለት ጊዜ፥ ምናልባትም ሦስት ጊዜ ይወስደዋል። እንግዲህ ሳይበላ የሚሰነብተው በዚሁ ጾም ውስጥ ነው፤ ቤተ ሰቡም የጾመ መስሏቸው ያመሰግኑታል።

ማቅለሽለሹ ከምን እንደሚመጣ ማወቅ ለካህን ይጠቅመዋል፤ ያላወቀ ሰው ወይ «መድኃኒቱ መርዝ ነው» ይላል፥ ወይ «ርኵስ መንፈስ ሲወጣ ነው» ይላልና። መድኃኒቱ ፈጥኖ የሚባዛውን ሕዋስ ያጠፋል። ነቀርሳው ፈጥኖ ይባዛል፤ ነገር ግን የአፍና የአንጀት ሽፋን፥ የጠጕርም ሥር እንዲሁ ፈጥነው የሚታደሱ ናቸውና አረም ሊነቅል የገባ እጅ ቡቃያውንም ይነካል። የተነካው አንጀት ወደ አንጐል ምልክት ይልካል፤ በዚያም ማስመለስን የሚያዝዘው ክፍል ይቀሰቀሳል። ይህ በመጀመሪያው ቀን ይሆናል፤ ዘግይቶ ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ቀን የሚመጣም አለ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ሦስተኛው ነው፤ አስቀድሞ በመድኃኒቱ የተሠቃየ ሰው ገና መርፌ ሳይነካው፥ የሆስፒታሉን ደጅ ሲያይና ሽታውን ሲሸት ያስመልሰዋል። ሥጋም የራሱ ማስታወሻ አለው። ይህን አይቶ ሕመምተኛውን «ፈሪ» ወይም «ተስፋ ቈራጭ» ማለት ነውር ነው።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። መዝሙረ ዳዊት በ106ኛው ክፍል ነፍሳቸው መብልን ሁሉ ስለ ተጸየፈች፥ እስከ ሞት ደጆችም ስለ ደረሱ ሰዎች ይናገራል። ያን መጸየፍ የቈጠረው ከመከራ ነው እንጂ ከጾም አይደለም። ጾም መሥዋዕት ነው፤ መሥዋዕትም ካለን ነገር ይቀርባል። ወተትና ሥጋ የሚያስጐመጀው ጤነኛ ሰው ያን ትቶ ሽሮ ቢበላ፥ ቁርሱንም ቢያሳልፍ፥ የሚወደውን አቀረበ። ምግብ የጠላው ሰው ባይበላ ግን ምን አቀረበ? ለእርሱ የራስን ፈቃድ መተው ማለት ሦስት ጕርሻ መዋጥ ነው። ስለዚህ እንዲህ ላለው ሕመምተኛ ተጋድሎው መብላቱ እንደ ሆነ፥ አለመብላቱም የሥጋውን ፈቃድ መከተል እንደ ሆነ እንፈርዳለን።

ነቢዩ ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ በታች ተኝቶ ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩ ያመጣለት ተግሣጽ ሳይሆን እንጎቻና ውኃ ነበር። ጥቂት በልቶ ተኛ፤ ሁለተኛም ቀስቅሶ አበላው። በዚያ መብል ኃይል 40 ቀንና 40 ሌሊት ሄደ። ጥቂት መብል፥ ዕረፍት፥ ደግሞም ጥቂት መብል፤ የዛሬ ሐኪሞች የሚመክሩትም ይህንኑ ነው። ስለ ሌላው ወገን ደግሞ ሳኦልን እናስብ። ሠራዊቱ በደከመበት ቀን እስኪመሽ የሚበላ ርጉም ይሁን ብሎ አማለ፤ ዮናታን መሐላውን ሳይሰማ ከማሩ በበትሩ ጫፍ ቀመሰ፥ ዐይኑም በራ። ሳኦል ሊገድለው ሲል ሕዝቡ አዳነው። በሕመምተኛ ላይ ጾምን የሚያጸና አባት ወይም አማት የሳኦልን መሐላ እንዳይምል ይጠንቀቅ።

ቀኖናው ሕመምተኛን ከጾም ግዴታ ነፃ እንደሚያደርገው ካህናት ሁሉ ያውቃሉ። ነገር ግን ፈቃድና ትእዛዝ አንድ አይደሉም። የንስሐ አባት «ካሻህ ብላ» ብሎ ሲሄድ ሸክሙን በሕመምተኛው ሕሊና ላይ ጥሎ ይሄዳል፤ እርሱም በሌሊት እየተነሣ «ስለ ሆዴ ብዬ ጾም ሻርሁ» እያለ ያለቅሳል። በምትኩ «በቀን ስድስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ትቀምሳለህ፥ ቀኖናህ ይህ ነው» ቢለው ያ ሰው በመታዘዝ ይበላል። ክብደቱም ዋዛ አይደለም። የመድኃኒቱ መጠን በብዙው የሚለካው በሕመምተኛው ቁመትና ክብደት ነው፤ ሰውነቱ እጅግ ከደከመ ሐኪሙ ቀጣዩን ዙር ሊያዘገየው ይችላል፥ ነቀርሳውም በዚያ መካከል ጊዜ ያገኛል።

ሌላም የሚያሳዝን ነገር አለ። ማስመለስን የሚከለክል እንክብል አለ፤ ኦንዳንሴትሮን የሚባለው አንዱ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች የሚረዱት አስቀድመው በሰዓታቸው ሲወሰዱ ነው። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልቆይ» ብሎ እንክብሉን ያቆየ ሰው ማስመለሱ ከጀመረው በኋላ ቢውጠው ያው መልሶ ይተፋዋል። መድኃኒትን በሰዓቱ ከመዋጥ የሚከለክል ጾም የለም።

ስለ ምግቡ ዐይነት ብዙ አንከራከር። ለብዙዎች የጾሙ ምግብ፥ ሰዓቱ ብቻ ቢፈታ፥ ይበቃቸዋል፤ ቀጠን ያለ አጥሚት፥ በሶ፥ ሱፍ ፍትፍት፥ የተቀቀለ ድንች፥ ምስር አለ። ይህ ያልበቃው፥ ሐኪሙም ያዘዘለት፥ በደንብ የበሰለ እንቁላልና የፈላ ወተት ይስጡት፤ ድስቱም ከጎረቤት ዐይን አይሸሸግ። መድኃኒቱ በሽታን የሚከላከለውን ነጭ የደም ሕዋስ ስለሚቀንስ ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ግን ይቅርበት። ትኵስ ነገር ሽታው ይበረታልና ቀዝቀዝ ብሎ ይቅረብለት። የቡሬ በርበሬ በሚታመስበት ቀን ሕመምተኛውን ከቤት አውጥቶ ከዛፍ ጥላ ሥር ማስቀመጥ ከብዙ ምክር ይበልጣል። ማቅለሽለሹ በበረታባቸው ቀኖች የሚወደውን ምግብ አያስገድዱት፤ ከማስመለሱ ጋር አያይዞት ወደ ፊት እንዳይጠላው።

እዚህ ላይ ስለ አገራችን ፍቅር አንድ ቃል እንናገር። «በሞቴ፥ አፈር ስሆን» እያሉ ጕርሻ ማስገደድ የእንግዳ ክብር ነው፤ ለዚህ ሕመምተኛ ግን ሥቃይ ነው። ጠያቂ አሥር ሰው ቢመጣ አሥር ጊዜ ያስመልሰዋል። ምግቡን አጠገቡ አኑሮ ዝም ብሎ መቀመጥ ይሻላል።

ስለ ጸበልም እንጠየቃለን። አቡነ ጳውሎስ በ1990ዎቹ መጨረሻ የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ከጸበል ጋር እንዲወሰድ ማስተማራቸው ይታወቃል፤ የዚህም ነገር ከዚያ አይለይም። ሆኖም ብዙ ጸበል ጠጥቶ ለማስመለስ መታገል፥ ውኃው ባለቀበትና የሰውነት መከላከያው በደከመበት ሰው ላይ አደጋ ነው፤ ለእርሱ መረጨቱና መጠመቁ ይበቃዋል። ቅዱስ ቍርባንንም በሚያስመልስበት ሳምንት አይቀበል፤ ማቅለሽለሹ ጸጥ ባለ ጊዜ፥ ይልቁንም ከሚቀጥለው ዙር በፊት ባሉት ቀኖች፥ ከካህኑ ጋር ተመካክሮ ይቀበል። ውኃ እንኳ አልቀመጥ ብሎት የዋለ፥ ወይም ትኵሳት የያዘው እንደ ሆነ ግን ጸሎቱ በመንገድ ላይ ይደረስለት፤ ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ወይም ወደሚቀርበው ጤና ጣቢያ ፈጥነው ይውሰዱት።

«እንዲህ ከፈታን ጤነኛውም ጾሙን ያቃልላል» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ፍርሃታቸውን አንንቅም፤ በሕመም አሳብቦ የሚበላ ሰው አለና። ነገር ግን ያን ሰው ለመያዝ ብለን ይህን ማስራብ የፍትሕ መንገድ አይደለም። ደግሞም ከጾም የተፈታ ሕመምተኛ ከሥራ አልተፈታም፤ አንደበቱን ከሐሜት፥ ልቡን ከቂም መጠበቅ እስከ ትንሣኤ ከእርሱ ጋር ነው።

ትንሣኤም ሲደርስ የሚገጥም ነገር አለ። ቤቱ ሁሉ ዶሮ ይሸታል፤ ሌላው ሲፈስክ እርሱ ከመድኃኒቱ በአራተኛው ቀን ላይ ይሆናል፥ ወጡንም ማየት አይችልም። ያን ጊዜ ማዕዱ ከበሩ ጥቂት ራቅ ብሎ ይዘርጋ፤ እርሱም ነፋስ በሚያገኝበት በኩል ከሁሉ ጋር ይቀመጥ፥ የቀዘቀዘ መረቅ በትንሽ ስኒ ይሰጠው፤ ባይጨርሰው ማንም አይጠይቀው።