ምስክርን የመመርመር ጥያቄ፦ የቱርቦ ግፊት ሴንሰር በኮሶዬ

የቱርቦ ግፊት ሴንሰር ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ግፊት ለክቶ ለመኪናው ኮምፒውተር የሚያሳውቅ ትንሽ መሣሪያ ነው። ብዙውን ጊዜ ሦስት ሽቦ አለው፦ በአንዱ 5 ቮልት ይቀበላል፣ ሁለተኛው ኔጋቲቭ ነው፣ በሦስተኛው የለካውን በቮልት ይመልሳል። ኮምፒውተሩ አየሩን በራሱ አያውቀውም፤ የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው። የናፍጣ መኪና ከጎንደር ተነሥቶ፣ ወለቃን አልፎ ወደ ኮሶዬ ሽቅብ ሲወጣ ጉልበት ቢያጣ፣ የሞተር መብራትም ቢበራ፣ ጥፋቱ የቱርቦው ነው ወይስ ስለ ቱርቦው የሚመሰክረው የሴንሰሩ? ጥያቄው የጋራዥ ቢመስልም ፈላስፎችንና የሃይማኖት መምህራንን ሲያደክም የኖረ ነው፤ የምናውቀው ሁሉ በምስክር የሚደርሰን ከሆነ ምስክሩን በምን እንመረምረዋለን?

ኮድ አንባቢው መሣሪያ ፒ 0236 ብሎ ሲያሳይ ብዙዎች ሴንሰሩ ተበላሽቷል ብለው አዲስ ይገዛሉ። ኮዱ ግን እንዲያ አይልም። የሚለው፣ ከሴንሰሩ የመጣው ቃል ኮምፒውተሩ ከጠበቀው ጋር አልተስማማም ብቻ ነው። የቱርቦውን አየር ከሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር የሚመጣው የጎማ ቱቦ ተቀዶ አየር ሲያመልጥ ሴንሰሩ ግፊቱ ማነሱን በትክክል ይናገራል፤ እውነቱን በመናገሩም ተከሶ ይነቀላል።

ስለዚህ ምርመራው የሚጀምረው እውነቱ ከሌላ በኩል በሚታወቅበት ሰዓት ነው። ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉ ብቻ ሲዞር አየሩን ወደ ሞተሩ በሚያከፋፍለው ማኒፎልድ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ጋር እኩል ነው፤ ጤነኛ ሴንሰርም ያንኑ ማንበብ አለበት። በባሕር ጠረፍ ይህ ቁጥር 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። ጎንደር ላይ ወደ 79 ይወርዳል፤ ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋው ኮሶዬ ደግሞ 72 አካባቢ ይሆናል። 101ን ከመጽሐፍ የያዘ መካኒክ ኮሶዬ ላይ 72 ሲያነብ ሴንሰሩን ሐሰተኛ ይለዋል። ሐሰተኛው ግን እዚያ ቆሞ 101 የሚለው ነው። እውነቱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ብቻ ለየሰው የተለያየ ነው ማለት አይደለም፤ ኮሶዬ ላይ የሚመዝን ሁሉ፣ የትም ይወለድ የት፣ የሚያገኘው ያንኑ 72 ነው።

ከዚህ የከበደ ችግር አለ። ጥላሸትና ዘይት የደፈነው ሴንሰር 72 ላይ ደርቆ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ባልተነሣበት ሰዓት ኮሶዬ ላይ ቢጠየቅ መልሱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ያንን ቁጥር የሰጠው አየሩን ሰምቶ አይደለም። ንግግሩ እውነት ነው፣ እውቀት ግን አይደለም። ልዩነቱ የሚወጣው ነገሩ ሲለወጥ ነው፦ ሞተሩ ጭነት ይዞ ሲጎትት ግፊቱ ይጨምራል፣ መኪናው ጎንደር ወርዶ ሞተሩ ሲጠፋም ቁጥሩ 79 መድረስ አለበት። ያልተንቀሳቀሰ ቁጥር ምስክርነት አይባልም። ከአባቶቹ የወረሰውን ቃል የሚደግም ሰውም ቃሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ያወቀው መሆኑ ግን የሚለየው ነገሩ ቢለወጥ መልሱም ይለወጥ እንደሆነ ሲጠየቅ ነው።

ሌላው መመርመሪያ ሁለተኛ ምስክር ነው፤ ጥንታዊው የሕግ መጽሐፍ ፍትሐ ነገሥት አንድ ምስክር አይበቃም የሚለውን የመጽሐፍ ቅዱስ ሥርዓት ይከተላል። በብዙ መኪኖች ኮምፒውተሩ ውስጥ የውጭውን አየር የሚለካ ሌላ ሴንሰር ስላለ የሁለቱን ቃል ማነጻጸር ይቻላል። የምስክሮች ብዛት ብቻውን ግን አያድንም። 5 ቮልቱን የሚሰጠው መስመር ቢታመም፣ ከዚያው መስመር የሚመገቡ ሴንሰሮች ሁሉ አንድ ላይ ይሳሳታሉ፤ ስምምነታቸው የአንድ ምንጭ ድግግሞሽ እንጂ የብዙዎች ምስክርነት አይደለም። ቮልቱ በቴስተር የሚለካው፣ በቱቦው ላይም በመርፌ የሚሠራ የግፊት መለኪያ የሚገጠመው ለዚህ ነው፤ መለኪያው ከመኪናው ኤሌክትሪክ ምንም አይቀበልም። በቀድሞ ዘመን ሌባሻይ የተባለው ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ ሲሄድ የወደቀበት ቤት ሰው ሌባ ተብሎ ይከፍል ነበር። የዚያ ሥርዓት ግፍ ልጁ ከመሳሳቱ ይልቅ ቃሉን የሚመረምር ሌላ መንገድ አለመኖሩ ነበር።

ከጎንደር በስተ ደቡብ በምትገኘው እንፍራዝ ኖረ የሚባለው ፈላስፋ ዘርዓ ያዕቆብ፣ ሐተታ በተባለው መጽሐፍ፣ ይህንኑ ጥያቄ ወደ ሃይማኖት አምጥቶታል። የሐተታው ደራሲ ማንነት ጣሊያናዊው ምሁር ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. ጸሐፊው ሚሲዮናዊው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው ካለ ወዲህ ሲያከራክር ኖሯል፤ የሐሳቡ ክብደት ግን በዚያ አይቀንስም። እያንዳንዱ የሃይማኖት ወገን የኔ ብቻ ነው እውነት ሲል፣ ሐተታው ከወገኖቹ ውጭ የሆነ ዳኛ ይፈልጋል፤ ያገኘውም እግዚአብሔር በሰው ልብ ያኖረውን ልቡና ነው። ተቃውሞው ግልጽ ነው፤ ልቡናም ራሱ የሰው መሣሪያ ነው፣ ሊደፈን ይችላል። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ የኅሊና ዝምታ ማጽደቂያ እንዳልሆነ ያስጠነቅቃል፤ ያልበራ መብራትም የሞተር ጤና ማረጋገጫ አይደለም። በኦርቶዶክስ ሥርዓት ምእመን ኅሊናውን ይዞ ወደ ንስሐ አባቱ የሚሄደው ራሱን በራሱ ብቻ እንዳይመዝን ነው። ሁለቱ መንገዶች የሚጣሉ ይመስላሉ እንጂ አንዱ ሌላውን ይፈልጋል፦ ምክሩን ለመቀበልም ልቡና ያስፈልጋል፣ ልቡናም ከራሱ ውጭ የሆነ ሚዛን ያስፈልገዋል።

ጥርጣሬ ወሰን ሊኖረው ግድ ነው። ሴንሰሩን በመለኪያ፣ መለኪያውን በሌላ መለኪያ እያሉ ቢሄዱ ማለቂያ የለውም፤ ሥራው የሚቆመው ማንም ያልሠራው ክፍት አየር ላይ ነው። አየሩ ሲመሰክር 72 ነው፣ ሴንሰሩም ይህንኑ ካለ፣ ሲጎትትም ቁጥሩ ከጨመረ፣ ሴንሰሩ ነጻ ነው፤ ፍለጋው ወደ ቱቦው፣ ወደ ሶኬቱና ወደ ቱርቦው ይዞራል። ከጥገናው በኋላ ኮዱ ተሰርዞ መኪናው ያንኑ ዳገት ጭነት ይዞ እንደገና መውጣት አለበት፤ የተቀደደ ቱቦ ቆሞ ሲታይ ገጥሞ፣ ግፊት ሲበዛበት ብቻ የሚከፈትበት ጊዜ አለና።