ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያንን ማደስ ለማን ነው?

ቤተ ክርስቲያን ስንል ሕንጻውንም ምእመናኑንም ማለታችን ነው። ይሁን እንጂ ጥንታዊ ሕንጻ ይታደስ በተባለ ጊዜ ሁለቱ የሚጋጩ ይመስላሉ። አንዱ ወገን «አባቶች ያቆሙት አይነካ» ሲል፣ ሌላው «ሕያዋን የማይገለገሉበት ግንብ ምን ይጠቅማል?» ይላል።

በለንደን ከተማ በትራፋልጋር አደባባይ አጠገብ የሚገኘው የቅዱስ ማርቲን የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን በዚህ ረገድ ያስተምረናል። በጄምስ ጊብስ ንድፍ ታንጾ እ.ኤ.አ. በ1726 ተፈጸመ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቄስ ዲክ ሼፐርድ በሩን ለወታደሮችና መጠጊያ ላጡ ሁሉ ከፈቱ። በ2008 ደግሞ 36 ሚሊዮን ፓውንድ የወጣበት እድሳት ተጠናቀቀ። ከመሬት በታች አዳዲስ ክፍሎች ተሠሩ፤ ቤት ለሌላቸው ወገኖችና ለቻይናውያን ማኅበረሰብ የሚሆን ስፍራም ተዘጋጀ። የጸሎቱ ስፍራ ግን የጸሎት ስፍራ እንደ ሆነ ቀረ።

«ይህ ሁሉ ገንዘብ ለድሆች ቢሰጥ አይሻልም ነበርን?» የሚል አይጠፋም። ይህ ጥያቄ በቢታንያም ተነሥቶ ነበር፤ ጌታችን ግን ሽቱ ያፈሰሰችውን ሴት አልነቀፈም። በአንጻሩ ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ፣ መቅደሱን በሐር እያስጌጡ በደጅ የተራቆተውን ክርስቶስን ማለፍ ከንቱ መሆኑን አስተምሯል። ሁለቱን አጣምረን ስናይ መመዘኛው ይገለጥልናል፤ ከእድሳቱ በኋላ ድሀው ወደ ውስጥ ገባን ወይስ ከደጁም ተባረረ?

ይህ ማለት ግን ሁሉም ነገር በቤተ መቅደስ ይፈቀዳል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ሕገ ቀኖና በቁጥር 1210 በተቀደሰ ስፍራ አምልኮንና መንፈሳዊነትን የሚያገለግል ብቻ እንዲደረግ ያዝዛል። ከቅድስናው ጋር የማይቃረን ሌላ አገልግሎት እንደየሁኔታው የሚፈቅደው ሥልጣን ያለው የቤተ ክርስቲያን አለቃ ነው። ዝምታ የሚጠፋበት፣ ያዘነ ሰው ተንበርክኮ የሚያለቅስበት ጥግ የማይገኝበት እድሳት ከድሀው የመጨረሻ ሀብቱን ይነጥቃል፤ በቤቱ ጸጥታ የሌለው እርሱ ነውና።

እንግዲህ የቁምስና ምክር ቤት ግንቡን ከመለካቱ በፊት በመካከላችን የጎደለው ማን እንደ ሆነ ይጠይቅ። አባቶቻችን ድንጋይ በድንጋይ ላይ ያኖሩት ሰው ከአምላኩና ከወንድሙ ጋር እንዲገናኝ ነው። ይህን ዓላማ የሚጠብቅ እድሳት አባቶችን ያከብራል፤ ይህን የሚያጠፋ ግን አንድ ድንጋይ እንኳ ባያነሣ አፍርሷል።

እግዚአብሔር ማስተዋሉን ያድለን።