ማን ነበር የሚነዳው?

ደብዳቤውን ማክሰኞ ጠዋት በር ሥር ወድቆ አገኘሁት። የመኪናዬ ታርጋ ተጽፎበታል። ለንደን ውስጥ 30 ማይል በሚፈቀድበት መንገድ ላይ በ46 ማይል ስትሄድ ካሜራ ይዟታል፤ በእኛ ስሌት 48 በሚፈቀድበት ቦታ በ74 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ቀኑን አየሁ። እሑድ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት። በዚያ ሰዓት እኔ የማታ ፈረቃ ላይ ነበርኩ። መኪናዋን ይዞ የወጣው የአክስቴ ልጅ ነው።

መጀመሪያ እንዲያውም ደስ አለኝ። «እኔ አልነበርኩም» ብዬ ጽፌ እገላገላለሁ አልኩ። እውነት ነው፤ የሥራ ቦታዬ መዝገብ ይመሰክርልኛል። ወደ ታች ሳነብ ግን ደብዳቤው የሚጠይቀኝ ሌላ ነገር ሆኖ አገኘሁት። ጥያቄው «አንተ ነበርክ ወይ?» አይደለም። «ማን ነበር?» ነው።

የብሪታኒያ የ1988 የመንገድ ትራፊክ ሕግ አንቀጽ 172 እንዲህ ይሠራል። መኪናው በስሙ የተመዘገበው ሰው በ28 ቀን ውስጥ የነጂውን ስምና አድራሻ መስጠት አለበት። በተቻለው መጠን አጣርቶም ማን እንደነበር ማወቅ እንዳልቻለ ካስረዳ ይተርፋል። እያወቀ ዝም ካለ ግን 6 ነጥብና እስከ 1,000 ፓውንድ ቅጣት ይጠብቀዋል። የፍጥነቱ ቅጣት ራሱ አብዛኛውን ጊዜ 3 ነጥብና 100 ፓውንድ ነው። ልብ በሉ፤ ዝምታው ከጥፋቱ በላይ ያስቀጣል።

ፎቶውን እንዲያሳዩኝ ጠየቅኩ። ከኋላ የተነሳ ነው። የኋላ መብራት፣ ታርጋ፣ ጨለማ። የዚህ ዓይነቱን ካሜራ የፈለሰፈው ማውስ ጋትሶኒደስ የሚባል ሆላንዳዊ የመኪና ተወዳዳሪ ነው፤ በ1953 የሞንቴ ካርሎን ራሊ ያሸነፈ። መሣሪያውን የሠራው መጀመሪያ የራሱን ፍጥነት ለመለካት፣ የበለጠ ለመፍጠን ነበር ይባላል። እና ካሜራው የሚያውቀው ፍጥነትን ነው እንጂ ሰውን አይደለም። የጎደለውን እንድሞላለት የተጠራሁት እኔ ነኝ።

ልጁ ደወለልኝ። 23 ዓመቱ ነው። መንጃ ፈቃድ ካወጣ አንድ ዓመት ተኩል አልሞላውም። እዚህ አገር አዲስ ነጂ በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት 6 ነጥብ ከደረሰ መንጃ ፈቃዱ ይሰረዛል፤ የጽሑፉንም የመንዳቱንም ፈተና እንደገና ይጀምራል። እሱ ደግሞ ቀይ መብራት ጥሶ 3 ነጥብ ነበረበት። ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚበላው የአንድ ሱቅ ዕቃ ማድረሻ ቫን እየነዳ ነው።

«ወንድሜ፣ አንተ እኮ ምንም ነጥብ የለህም» አለኝ። «3 ነጥብ ምንህን ይነካሃል? ገንዘቡን እኔ እከፍላለሁ። እኔ ነበርኩ በልና ፈርም፣ በቃ።»

ሂሳቡ እውነቱን ለመናገር ትክክል ነው። ለእኔ 3 ነጥብ ማለት የኢንሹራንስ ዋጋ ትንሽ መጨመር ነው። ለእሱ ሥራው ነው። ከዚያ ደግሞ እናቱ አለች። አዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ስንለያይ እጄን ይዛ «ልጄን አደራ» ያለችኝ አክስቴ። አደራ ምን ማለት እንደሆነ ለናንተ አላስረዳም። «አደራ በላ» መባል ከሌባ መባል እንደሚከብድም ታውቃላችሁ።

ሰውን ለመንግሥት ስሙን አሳልፎ መስጠት በእኛ አስተዳደግ የሚያሳፍር ነገር ነው። ሰባቂ ይባላል፣ ጠቋሚ ይባላል። ስም ካልወጣ በስተቀር የማይለቅ ምርመራ ግን ለእኛም አዲስ አይደለም። ድሮ ሌባው ያልታወቀ ስርቆት ሲደርስ አውጫጭኝ (አፈርሳታም ይባላል) ይጠራ ነበር። የአካባቢው ሰው በአንድ ቦታ ይሰበሰብና ጥፋተኛው እስኪታወቅ ወደ ቤቱ አይሄድም። የቀረ ይቀጣል። ሌባው ካልተገኘ ደግሞ አገሬው አዋጥቶ ይከፍላል። የእኔ ደብዳቤ አንድ ሰው ብቻ የተጠራበት አውጫጭኝ ነው።

ሁሉም አገር እንዲህ አይጠይቅም። ኒው ዮርክ ውስጥ የፍጥነት ካሜራ ቅጣት 50 ዶላር ነው፤ ለባለመኪናው ይላካል፣ ነጥብ የለውም፣ ማን እንደነዳ ማንም ግድ አይሰጠውም። የተቀጣችው መኪናዋ ናት ማለት ይቻላል። ሚኒያፖሊስ ውስጥ ደግሞ ከተማው በቀይ መብራት ካሜራ ባለንብረቱን ይቀጣ ነበር፤ የሚኒሶታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2007 ደንቡን ውድቅ አደረገው። ባለቤቱ እንደ ነጂ ተቆጥሮ ንጹሕነቱን ራሱ እንዲያስረዳ መደረጉ ከግዛቱ ሕግ ጋር ይጋጫል አለ። ጀርመን የሚቀጣው ነጂውን ነው፤ የቅርብ ዘመድ በዘመዱ ላይ ላለመመስከር መብት አለው። የአክስት ልጅ ግን እዚያም አይካተትም፤ አጣርቻለሁ።

የብሪታኒያን አሠራር ሁለት ሰዎች እስከ አውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ድረስ ወስደውታል። ማንም ራሱን እንዲወነጅል ሊገደድ አይገባም አሉ። ፍርድ ቤቱ በሰኔ 2007 በ15 ለ2 ድምፅ አልተቀበላቸውም። መኪና የያዘና የነዳ ሰው ሊገድል የሚችል ነገር እንደያዘ ያውቃል፣ ከዚያ ጋር የሚመጣውንም ኃላፊነት አብሮ ተቀብሏል ነው ነገሩ።

በሕግ በኩል ያለው ይሄ ነው። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሕጉ አልነበረም። አፈቅረዋለሁ፣ ልጠብቀው ቃል ገብቻለሁ፤ ታዲያ ብዋሽለት ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ?

ይህን መንገድ የሄዱ ሁለት ሰዎች አሉ። ክሪስ ሂዩን በመጋቢት 2003 ኤም 11 በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ በፍጥነት ካሜራ ተያዘ። ያኔ የአውሮፓ ፓርላማ አባል ነበር። ባለቤቱ ቪኪ ፕራይስ፣ የታወቀች የኢኮኖሚ ባለሙያ፣ ነጥቡን በስሟ ወሰደችለት። ትንሽ ነገር፣ 3 ነጥብ። ሰውየው ከዚያ ሚኒስትር ሆነ። ትዳራቸው ሲፈርስ ነገሩ ወጣ። በመጋቢት 2013፣ ልክ ከ10 ዓመት በኋላ፣ ሁለቱም 8 ወር እስራት ተፈረደባቸው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ አባቶቻችን።

ይሄን ታሪክ ለማስፈራሪያ አላመጣሁትም። የእኛ ውሸት ምናልባት ጨርሶ አይታወቅም ነበር። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ያ ውሸት ሲጀመር ውለታ ነበር፤ ፍቅሩ ሲያልቅ መሣሪያ ሆነ። እኔም ብፈርም ኖሮ ከዚያ ቀን ጀምሮ በእሱና በእኔ መካከል የሚቀመጥ ነገር ይኖራል። በተጣላን ቁጥር የማነሳው፣ ባላነሳውም እሱ የሚፈራው። ሰውን በአደራ የተቀበለ በእንዲህ ያለ ገመድ አያስረውም።

ቀስ ብሎ የገባኝ ሁለተኛው ነገር ገንዘብና ነጥብ አንድ አለመሆናቸው ነው። 100 ፓውንዱ ዕዳ ነው። ዕዳ ይጋራል፤ እኛ ለተቀጣ ማዋጣት፣ ለተያዘ ዋስ መሆን እናውቅበታለን። ነጥቡ ግን ስለ አንድ ሰው አነዳድ የተጻፈ ቃል ነው። «ይህ ልጅ ሁለት ጊዜ ተይዟል፣ ተጠንቀቁለት» የሚል። እሱን ወደ እኔ ሳዛውር ቃሉ ስለ ሁለታችንም ይዋሻል። በዚያ መንገድ ላይ አንድ ሰው አቋርጦ ቢሆን ኖሮስ? ያኔም «እኔ ነበርኩ» እልለት ነበር?

«ሕጉ ለድሃ ይከብዳል» ትሉኝ ይሆናል። ይከብዳል። እኔ ሳልጎዳ የማልፈው ነገር እሱን ከሥራ ማስወጣቱ ፍትሕ ነው ብዬ አልከራከርም። ግን የእኔ ውሸት ሕጉን አያስተካክለውም። ንጹሕ መንጃ ፈቃድ ያለው ዘመድ ላለው ልጅ ብቻ ማምለጫ ይከፍታል። ማንም የሌለው ሌላው የቫን ሾፌር እዚያው ይቀራል።

ሰባቂ ማለት ደግሞ ከጀርባ የሚናገር፣ ለጥቅሙ የሚናገር ነው። ስለዚህ ከጀርባው ላለማድረግ ወሰንኩ። እሑድ ቤት ጠራሁት። ሽሮ ሠራሁ። ከበላን በኋላ ቅጹን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ «አልዋሽልህም፣ አልተውህምም» አልኩት። ረጅም ጊዜ አልተናገረም። ተቆጣም። «ወንድም መስለኸኝ ነበር» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ቆይቶ ራሱ ቅጹን ጎተተው። «ስሜን በመንጃ ፈቃዴ ላይ እንዳለው ጻፈው፤ የአባቴን ስም እንዳትሳሳት» አለ። የፖስት ኮዱን ፊደል በፊደል ነገረኝ። እኔ ፈረምኩ።

መንጃ ፈቃዱ ተሰረዘ። ቫኑን ተወው። 100 ፓውንዱን ለሁለት ከፈልን፤ የፈተናውን ክፍያ እኔ ቻልኩ፤ ሥራ እስኪያገኝም እኔ ጋ ተቀመጠ። አክስቴ ለሁለት ወር ስልኬን አላነሳችም። ባነሳች ጊዜ የመጀመሪያ ቃሏ «ለምን አልዋሸህለትም? ልጄ እኮ ነው» የሚል ነበር።

«አደራ ብለሽኝ ነዋ፣ አክስቴ» አልኳት። ያሳመናት አይመስለኝም። ግን አልዘጋችብኝም። «ይበላል ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ።