ስለ አስታማሚና ስለ አደራ

ሰው በዕድሜው ሁለት ጊዜ በሌላ ሰው እጅ ላይ ይወድቃል፤ አንደኛው ሕፃን ሳለ፥ ሁለተኛው ሲታመም ወይም ሲያረጅ ነው። ሕፃን ሳለ የሚይዘውን እጅ ተፈጥሮ መርጣ ትሰጠዋለች፤ እርሱም የእናቱ እጅ ነው። በሕመሙና በእርጅናው ዘመን ግን የሚይዘው እጅ በሰው ምርጫ የሚገኝ ነው፤ መራጮቹም አብዛኛውን ጊዜ ልጆቹ ናቸው። እንግዲህ የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው፤ የታመመ ወላጁን ሌላ ሰው እንዲያስታምምለት የሚያደርግ ልጅ ግዴታውን ፈጸመ ይባላልን? ወይስ ከግዴታው ሸሸ?

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ይህ የሽማግሌዎች ጉዳይ ነው ብለህ ገጹን አትለፈው። ወባና ተስቦ ዛሬም ባይጠፉም፥ እነዚህ በሽታዎች ወይ ቶሎ ይገድላሉ ወይ ቶሎ ይለቃሉ። የደም ግፊት፥ የስኳር በሽታ፥ ካንሰርና የመሳሰሉት ግን ከሰው ጋር ለዓመታት አብረው ይኖራሉ። ሆስፒታል እንዲህ ያለውን ሕመምተኛ ዕድሜውን ሙሉ አያስተኛውም፤ የሚችለውን አድርጎ ወደ ቤቱ ይመልሰዋል። ስለዚህ ከሐኪሙ ሥራ የበለጠው ክፍል በቤት ውስጥ ይቀራል፤ ያም ሥራ የሚወድቀው በወጣቶች ትከሻ ላይ ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ቤት በሐሳባችን እንመልከት። ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሺሺንዳ አንዲት እናት አለች እንበል። ስትሮክ የተባለው በሽታ ድንገት ጣላት፤ ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ አልታዘዝ አሏት፤ አንደበቷም ተያዘ። ጎረቤቶቿ በቃሬዛ ተሸክመው ከመኪና መንገድ አደረሷት፤ በቦንጋ በገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል ጥቂት ቀን ተኝታ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ሦስት ልጆች አሏት። ወንዱ በአዲስ አበባ ነጋዴ ነው። ታላቂቱ ሴት ልጅ በአሜሪካ ናት። ታናሺቱ አሥረኛ ክፍል ስትሆን ከእናቷ ጋር ትኖራለች።

በመጀመሪያው ሳምንት ቤቱ በሰው ይሞላል፤ ቡና ይፈላል፤ የእድሩ ሰው ይመላለሳል። በሁለተኛው ወር ጠያቂው ይቀንሳል። ጥቅምት ሲገባ ደግሞ ቡናው ይቀላልና ትልቁም ትንሹም ለለቀማ ይወጣል፤ በዚህ ሰው አይወቀስም፤ የዓመት ኑሮው ነውና። ያን ጊዜ በቤቱ የምትቀረው ታናሺቱ ልጅ ብቻ ናት። በማስተማር በኖርኩባቸው ዓመታት በክፍል ውስጥ ባዶ የሚቀር ወንበር አይቻለሁ፤ ምክንያቱ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ «እናቷ ታማባት ነው» የሚል ነበር። «እናቱ ታማበት ነው» ሲባል የሰማሁት ግን እጅግ ጥቂት ጊዜ ነው። ይህን ልዩነት ወንዶች ልጆች ሁሉ እንዲያስቡበት እፈልጋለሁ።

በእንዲህ ያለ ቤት ሰዎች በሁለት ስሕተት ይወድቃሉ።

አንደኛው ስሕተት «እናቴን ባዕድ አይነካትም» ማለት ነው። ይህ ንግግር ፍቅር ይመስላል፤ በከፊልም ፍቅር ነው። ዳሩ ግን ፍቅር ብቻውን ዕውቀት አይሆንም። መገላበጥ የማይችል ሕመምተኛ በአንድ ጎኑ ብቻ ሲተኛ ተረከዙ፥ ዳሌውና የጀርባው ታችኛ አጥንት ያለበት ቦታ መጀመሪያ ይቀላል፥ ኋላም ይቆስላል፤ ስለዚህ በየሁለት ሰዓቱ ያህል ጎኑን ማዛወር ያስፈልጋል። ጉሮሮው የደከመውን ሰው በጀርባው አስተኝተው «ብዪ እንጂ፥ ብዪ እንጂ» እያሉ አጥሚት ቢያፈሱበት ምግቡ ወደ ሳንባው ይገባል፤ ቀና አድርገው አስቀምጠው በጥቂት በጥቂቱ ማጉረስ ግን ያድነዋል። የደም ግፊት መድኃኒትም ሕመሙ ቀለል ስላለ ብቻ አይቋረጥም። እንግዲህ ይህን የማያውቅ ልጅ እናቱን እየወደዳት ይጎዳታል። ከዚህም ሌላ «ባዕድ አይነካትም» የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ እርሱ ራሱ የሚያነሣና የሚያጥብ አይደለም። ክብሩን እርሱ ይወስዳል፤ ዋጋውን ግን ታናሽ እኅቱ በትምህርቷ ትከፍላለች።

ሁለተኛው ስሕተት ገንዘብ ልኮ መርሳት ነው። ወንድምየው ብር ይልካል፤ አስታማሚ ይቀጠራል፤ እርሱም እንደ ግብር ደረሰኝ የተቀበለ ሰው ልቡን ያሳርፋል። ነገር ግን ገንዘብ እጅን ይገዛል እንጂ ዓይንን አይገዛም። የሚጠይቅና የሚያይ ባለቤት የሌለው ሕመምተኛ፥ አስታማሚው መልካም ቢሆን በዕድል ይኖራል፤ ክፉ ቢሆን በዝምታ ይጠፋል።

ታዲያ በእነዚህ በሁለቱ መካከል መንገድ አለን? አለ። በወንጌል የተጻፈውን የደጉን ሳምራዊ ታሪክ ክርስቲያን ያልሆነውም ሰው ሰምቶት ይሆናል። ብዙ ሰዎች የዚያን ሰው ርኅራኄ ያደንቃሉ፤ ሥርዓቱን ግን አያስተውሉትም። በመጀመሪያ ቁስሉን በገዛ እጁ አሰረ፤ በራሱ እንስሳ ጭኖ ወደ እንግዶች ማደሪያ ወሰደው፤ በዚያም ራሱ ሲጠብቀው አደረ። በማግሥቱ ጉዞ ስለ ነበረበት ለማደሪያው ጌታ ገንዘብ ሰጠ፤ ተጨማሪ ወጪ ቢኖር ሲመለስ እንደሚከፍል ተስፋ ሰጥቶ ሄደ። እነሆ፥ ሳምራዊው ቁስለኛውን ለሌላ እጅ ሰጠ፤ ግን አልካደውም። ልዩነቱ «እመለሳለሁ» በማለቱ ነው። እንግዲህ አደራ ማለት ይህ ነው፤ የሰጠ ሰው ተመልሶ የሚጠይቀው ነገር አደራ ይባላል፤ ተመልሶ የማይጠይቀው ግን የተጣለ ነገር ነው።

ሕመምተኛን በቤቱ የማስታመም ሥራ በዕውቀት እንዲሠራ ያደረገውም እንዲህ ያለ ሐሳብ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1859 ዊልያም ራትቦን የተባለ የሊቨርፑል ነጋዴ ሚስቱ ለሞት በሚያደርስ ሕመም ተኝታ ሳለ ሜሪ ሮቢንሰን የምትባል ነርስ ቀጥሮ ነበር። ሚስቱ ከሞተች በኋላ፥ ሀብት ባለበት ቤት የነርስ እጅ ይህን ያህል ካሳረፈ ድኻ በታመመበት ቤት ምን ያህል ይጠቅም ብሎ አሰበ፤ ነርሷንም በራሱ ወጪ በከተማው ድኾች ቤት እየዞረች እንድታስታምም አደረገ። ኋላም ከፍሎረንስ ናይቲንጌል ጋር ተማክሮ ለዚህ ሥራ የነርሶች ትምህርት ቤት በሊቨርፑል እንዲቋቋም ረዳ።

በአገራችን አንዳንድ ሰው አስታማሚነትን የሎሌና የገረድ ሥራ አድርጎ ይቈጥረዋል። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ግን በስደት ዘመን በለንደን የነርስነትን ሙያ ተማረች፤ የጦርነቱ ቦምብ በከተማው ላይ ሲወርድም ሕመምተኛ ስታገለግል ነበር። ወደ አገሯ ተመልሳ ብዙ ሳትቆይ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በነቀምት ሞተች። የንጉሥ ልጅ ያላፈረችበትን ሥራ እኛ ብናፍርበት ነውሩ የማን ነው? እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1954 በጎንደር የተከፈተውም የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከጤና መኮንኖች ጋር በየመንደሩ የሚሠሩ ነርሶችን አስተምሯል።

አሁን ወደ ሺሺንዳዋ ቤት እንመለስ። ለዚህች እናት ምን ዓይነት ረዳት ይገኛል? በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረው ፕሮግራም ወዲህ በየቀበሌው ቤት ለቤት እየዞሩ የሚያስተምሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ። እነርሱ ስለ ክትባት፥ ስለ ንጽሕና፥ ስለ እናቶችና ሕፃናት ጤና ይሠራሉ፤ ምክር ይሰጣሉ፤ ወደ ጤና ጣቢያም ይልካሉ። ነገር ግን የአንድ ቤት የዘወትር አስታማሚ አይደሉምና ከእነርሱ የማይገባውን መጠበቅ አይገባም። በጤና ጣቢያው ነርስ አለ፤ በቦንጋ ሐኪም አለ። በአዲስ አበባ ነርስ ወደ ቤት የሚልኩ የግል ድርጅቶች አሉ፤ የማይድን ሕመም ያለባቸውን በቤታቸው እየጎበኘ ሥቃያቸውን የሚያስታግስ ሆስፒስ ኢትዮጵያ የተባለ ማኅበርም አለ። በገጠር ግን ይህን ሁሉ አንድ ድርጅት አሰናድቶ አያመጣልንም፤ ቤተ ሰቡ ራሱ ከዚህም ከዚያም ማቀናጀት አለበት። በዚህ ጊዜ የሚከተሉትን ነገሮች ማስተዋል ይጠቅማል።

በመጀመሪያ የሚያስፈልገውን ሥራ ለዩ። ቁስል ማጠብ፥ መርፌ መውጋት፥ የሽንት ቱቦ መለወጥ የዕውቀት ሥራ ነው፤ ይህን የተማረ ሰው ብቻ ይሥራው። ማጠብ፥ ማገላበጥ፥ ማጉረስ የእጅ ሥራ ነው፤ ትዕግሥት ያላት የጎረቤት ሴት ከነርስ ጥቂት ቀን ብትማር ልትሠራው ትችላለች። አብሮ መቀመጥና ማጫወት ደግሞ የዘመድ ሥራ ነው። የመጀመሪያውን ሥራ «መርፌ አውቃለሁ» ለሚል ሁሉ መስጠት ሕይወትን በዕጣ መጣል ነው።

ሁለተኛ፥ በሙያው የሚቀጠረውን የሙያ ፈቃዱን እንዲያሳይ ጠይቁት። እዚህ ላይ ትልቁ ጠላታችን ይሉኝታ ነው። «ዘመድ ነው፥ ቅር ይለዋል» ብለን የማናምንበትን ሰው እናስገባለን። መልካም ባለሙያ ስለ ፈቃዱ ቢጠየቅ አይቈጣም፤ የሚቈጣ ከሆነ ቍጣው ራሱ መልስ ነው።

ሦስተኛ፥ ውሉን በጽሑፍ አድርጉ፤ ስንት ሰዓት፥ በስንት ብር፥ የትኛውን ሥራ፥ አስታማሚው ሲቀር ማን ይተካል፥ ሕመሙ በሌሊት ቢጸና ለማን ይደወላል፥ በምንስ ይኬዳል የሚለው ሁሉ ይጻፍ። መድኃኒቱና ሰዓቱም በአንድ ደብተር ይመዝገብ።

አራተኛ፥ አስታማሚው ወደ ቤት ሲገባ መጀመሪያ ማንን እንደሚያነጋግር ተመልከቱ። ከሕመምተኛዋ ራስ በላይ ከልጆቿ ጋር ብቻ የሚነጋገር ሰው እርሷን እንደ ዕቃ ቈጥሯታል። አንደበቷ ቢያዝም ጆሮዋና ልቧ አልተያዙም።

አምስተኛውና የሚበልጠው፥ ሕመምተኛዋን ራሷን ጠይቋት። ወንድ እንዲያጥባት ትወዳለችን? በካፋ ብዙ አረጋውያን ሕመማቸውን በሚገባ የሚናገሩት በካፊኖኖ ነው። ቋንቋዋን የማያውቅ አስታማሚ የቱንም ያህል ቢማር፥ በሌሊት «እዚህ ላይ አመመኝ» ስትለው አይሰማትም። በራስ በማመልከት እንኳ ቢሆን ፈቃዷን ትግለጽ።

ከተመረጠም በኋላ ምርጫው አላለቀም። ሳይጠበቅ መድረስ ያስፈልጋል፤ ተረከዟንና ጀርባዋን ማየት፥ ውሃዋ በእጇ በምትደርስበት ቦታ መቀመጡን ማየት፥ ከሁሉም በላይ አስታማሚዋ ስትገባ የሕመምተኛዋ ዓይን መብራቱን ወይም መፍራቱን ማየት። በአንጻሩም አስታማሚዋ ሰው ናትና ደመወዟ በወቅቱ ይሰጣት፤ ዕረፍትም ይኑራት። ዕረፍት የነሡት እጅ ርኅራኄው ይደርቃል።

እንግዲህ ሥራው ለሦስቱ ልጆች እንዴት ይከፈል? በአሜሪካ ያለችው ልጅ፥ እንደ ብዙ ወገኖቻችን፥ የሌላ ሰው እናት በቤቷ እያስታመመች ደመወዝ የምትቀበል ናት እንበል። በባዕድ አገር የተማረችውን ማገላበጥና ማጉረስ በስልክ ለቤቷ ታስተምር፤ ከገንዘቧ ይልቅ ይህ ሊበልጥ ይችላል። ነጋዴው ወንድም ብር ከመላኩ ሌላ በቡና ለቀማ ወራት መጥቶ በእናቱ አልጋ አጠገብ ይደር፤ እናቱን ወደ ሐኪም የሚያመላልሳትም እርሱ ይሁን። ታናሺቱ ልጅ ወደ ትምህርት ቤቷ ትመለስ፤ ማታ ከእናቷ ጋር ትጫወት። ቀን ቀን የምታጥብና የምታገላብጥ ሴት በደመወዝ ትቀጠር። ይህ ሁሉ ሲሆን እናቲቱ ባዕድ ነክቷታል፤ ነገር ግን አልተጣለችም።

ለጥያቄያችን መልሱ ይህ ነው። ድካምን ለሌላ ማካፈል ይቻላል፤ ኀላፊነትን ግን ማካፈል እንጂ ማስተላለፍ አይቻልም። ማንሣት፥ ማጠብ፥ መርፌ መውጋት በደመወዝ ይገኛሉ። መጠየቅ፥ መመርመር፥ ስለ እርሷ መናገርና በመጨረሻው ሰዓት እጇን መያዝ ግን በልጅነት ብቻ የሚገኙ ናቸው፤ እነዚህን የሚሸጥ ገበያ የለም።

ወጣት ሆይ፥ ወላጆችህ ገና ብርቱ ሳሉ ስትታመሙ ማን እንዲይዛችሁ ትወዳላችሁ ብለህ ለመጠየቅ አትፈር። ወንድ ከሆንክ ማጠብንና ማጉረስን ተማር። ሴት ከሆንሽ መጽሐፍሽን ዘግተሽ ብቻሽን እንድትሸከሚ ሲተዉሽ፥ ሥራው ለሁላችንም ይከፈል ብለሽ በአክብሮት ተናገሪ። የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ይባላል፤ እውነት ነው። ግን መድኃኒት ሁሉ በዕውቀት ተመርጦ፥ በሰዓቱ ተሰጥቶ፥ ውጤቱም ታይቶ እንዲያድን፥ ሰውም ለሰው መድኃኒት የሚሆነው እንዲሁ ነው።