የወንዙን በር የሚጠብቅ ማን ነው?

ዕውቀት ኃይልን ታስገኛለች፤ ኃይልም ኃላፊነትን ትወልዳለች። ይህ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ነገር ግን ወጣቶችን ለሥራ በምናሰናዳበት ጊዜ የፊተኛውን አጥብቀን እያስተማርን የኋለኛውን ለዕድል እንተወዋለን። በጂንካና በደቡብ ኦሞ ለሚገኙ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የኤሌክትሪክ ኃይል ሙያ ሲታሰብ ግን ሁለቱን መለየት አይቻልም፤ ምክንያቱንም ወንዙ ራሱ ይመሰክራል።

የኦሞ ወንዝ ከደጋው ተነሥቶ ወደ ቱርካና ሐይቅ ይወርዳል። ከጥንት ጀምሮ በክረምት ሞልቶ በዳርቻው ይተኛና፥ ሲመለስ ደለልና እርጥበት ትቶ ይሄድ ነበር። ሙርሲው፥ ቦዲው፥ ካራው፥ ኛንጋቶሙና ዳሰነቹ ውኃው በሸሸበት መሬት ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር፤ ዝናብ ሲነፍጋቸውም ወንዙ ይደርስላቸው ነበር። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የግልገል ጊቤ 3ኛ ግድብ ይህንኑ ወንዝ ከላይ ይዞ፥ እያንዳንዳቸው 187 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም ባላቸው 10 ተርባይኖች በጠቅላላው 1,870 ሜጋዋት እንዲሰጥ ሆኖ ተሠራ። ለአገር ታላቅ ሥራ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ ውኃው በግድቡ ሲያዝ የጥንቱ ሙላት ቀረ፤ ሙላቱን ጠብቆ ይዘራ የነበረውም ሰው የለመደውን አጣ። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው የአባቶች ተረት በኦሞ ዳር ሲነገር ከተረትነት ያልፋል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ የኦሞ ልጅ ስለ ኤሌክትሪክ ኃይል ሲማር፥ የምናስተምረው ለደመወዙ ብቻ ነውን? ወይስ ወንዙን የሚያዝዝና በወንዙ የሚኖር እንዲተዋወቁ ነው?

አንዳንዶች «ሙያ ሙያ ነው፤ መሐንዲስ ስሌቱን ይወቅ እንጂ ሌላው የእርሱ ፋንታ አይደለም» ይላሉ። ስሌት ምን ያህል ውኃ በተርባይኑ እንደሚያልፍና ምን ያህል ኃይል እንደሚሰጥ በትክክል ይነግረናል። ውኃው መቼና ለማን ሊለቀቅ እንደሚገባ ግን ስሌት ብቻውን አይመልስም፤ ይህ የኅሊና ጉዳይ ነው። ኅሊናም የማያውቀውን ሰው ሊያስብለት አይችልም። ሌሎች ደግሞ «የአገሩ ልጅ በቦታው ቢቀመጥ ለወገኑ ያደላል» ብለው ይሠጋሉ። ከእርሱ የሚፈለገው ግን አድልዎ ሳይሆን ምስክርነት ነው። በምክር ጊዜ የታችኛውን ሰው ኑሮ የሚያውቅ አንድ ድምፅ ቢገኝ ፍርድን ያቀናል እንጂ አያጣምምም።

ስለዚህ የትምህርቱ መሰናዶ ሁለት ወገን ይኖረዋል። አንደኛው ሒሳብና ፊዚክስ ነው፤ በዚህ ቸልተኝነት አይገባም። በስሌት የደከመ ተማሪ በዘበኝነትና በቀን ሠራተኝነት ተወስኖ ይቀራል፤ ይህም ሌላ ዓይነት በደል ነው። ሁለተኛው አገርን ማወቅ ነው። በጂንካ ኮረብታ ላይ የሚገኘው የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም፥ የጂንካ ዩኒቨርሲቲ፥ የወንዙን ጠባይ ከልጅነታቸው የሚያውቁ ሽማግሌዎችም፥ ሁሉም መምህራን ናቸው። ተማሪው ስለ ተርባይን በተማረበት ሳምንት ሽማግሌውን ስለ ሙላቱ ወራት ቢጠይቅ፥ ሁለቱ ዕውቀቶች በአንድ ራስ ውስጥ ይገናኛሉ።

የኃይል ሥራ ሁሉ በግድብ ላይ የሚሠራ እንዳይመስለን። በ2010 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራም ከሕዝቡ 65 ከመቶውን ከዋናው መስመር፥ 35 ከመቶውን ግን በፀሐይ ብርሃንና በመሳሰለው ከመስመር ውጭ ለማዳረስ ዐቅዶ ነበር። መንደር ከመንደር በሚርቅበት ቆላ የፀሐይ ሰሌዳ የሚተክል፥ የተበላሸ ባትሪ የሚለይ፥ የውኃ መሳቢያ የሚጠግን ወንድም ሆነ ሴት ባለሙያ ያስፈልጋል። ይህን ሙያ የያዘች ልጅ ዕውቀቷን ይዛ ወደ ወገኖቿ ለመመለስ መንገድ አላት።

ብርሃን የሚያመነጭ ወንዝ በአጠገባቸው እያለፈ፥ ልጆቻቸው በሩን ከሩቅ የሚያዩ ሕዝቦች ፍትሕ አግኝተዋል ማለት ያስቸግራል። ልጆቻቸው በሩን መጠበቅ ሲማሩ፥ ከበሩ በታች ያለውንም ሳይረሱ ሲቀሩ፥ ያን ጊዜ ኃይል የተባለው ነገር በእውነት የሁሉም ይሆናል።