ስግደትና የታመመ ወገብ

ስግደት በአካል የሚቀርብ አምልኮ ነው። ሰጋጁ ይጎነበሳል፣ ይንበረከካል፣ ግንባሩን ምድር አስነክቶ ይነሣል። ዲስኩ የተንሸራተተበት ሰው ግን የጫማ ማሰሪያ ለማሰር እንኳ መጎንበስ ይቸግረዋል። ወገብ እንቢ ሲል አምልኮው ይጎድላል ወይ የሚለው ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ነው።

ዲስክ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል የሚገኝ ትራስ ነው፤ ዙሪያው ጠንካራ ቀለበት፣ ውስጡ ዝልግልግ። ቀለበቱ ሲሰነጠቅ ውስጡ ያለው ገፍቶ ይወጣና የነርቭ ሥር ይጫናል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዱት የታችኛው ወገብ ሁለቱ ዲስኮች ስለሆኑ ሕመሙ ከመቀመጫ ተነሥቶ በእግር ቁልቁል ይወርዳል። መጎንበስ በዲስኩ ላይ ጫና ስለሚጨምር ስግደት ሊቀሰቅሰው ይችላል።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጥያቄው የሚከብደው በሰሙነ ሕማማት ነው። በስቅለት ዕለት ማታ ካህኑ ምእመኑን በወይራ ቅጠል መታ መታ እያደረገ የሚሰግደውን ቁጥር ይነግረዋል። ሌላው ሲወድቅ ሲነሣ መቋሚያ ተደግፎ መቅረት ለሕመምተኛው ከወገቡ ይልቅ ሊያመው ይችላል። ሥርዓቱ ግን አንድ መልክ ብቻ የለውም። ግንባርን ምድር የሚያስነካው ሰጊድ፣ በጉልበት የሚሆነው አስተብርኮ፣ ራስን ዝቅ የሚያደርገው አድንኖ ይባላል። በበዓለ ሃምሳማ ጤነኛውም የንስሐ ስግደት አይሰግድም። እንግዲህ ስግደት ጊዜና መጠን ያለው ነው፤ በአድንኖ የተወሰነ ሕመምተኛም ከሥርዓቱ አልወጣም። በእስልምናም መቆም ያልቻለ ተቀምጦ፣ መቀመጥ ያልቻለ በጎኑ ተኝቶ ይሰግዳል፤ ሩኩዕን (ማጎንበስን) እና ሱጁድን (ግንባር ምድር ማስነካትን) ጭንቅላቱን ዝቅ በማድረግ ምልክት ይፈጽማል።

ሕመሙን ችሎ የሰገደ የበለጠ ዋጋ ያገኛል የሚል ሐሳብም አለ። ይህ ተጋድሎን ከጉዳት ጋር ያደባልቃል። በጾም የደከመ ሰውነት ሲፈታ ይበረታል፤ ብዙ የተጫነ ነርቭ ግን እግርን አስንፎ ሊቀር ይችላል። ሕክምና መሻትም እምነት ማጣት አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሕመምተኛው እንዲጸልይም ለባለ መድኃኒቱም ስፍራ እንዲሰጥ ያስተምራል፤ ጸበልና ሐኪም የሚጣሉት ሰው ሲያጣላቸው ነው።

አብዛኛው ሕመምተኛ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻለዋል። የሚረዳውም አልጋ ይዞ መክረም ሳይሆን በአቅም መንቀሳቀስ፣ የሕመም ማስታገሻና ፊዚዮቴራፒ ነው። ቀዶ ሕክምና የእግር ሕመምን ቶሎ ያስታግሳል፤ ከዓመት በኋላ ግን ልዩነቱ ይጠባል። ሽንት መያዝ ወይም መሽናት ካቃተ፣ መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ፣ እግር እየሰነፈ ከሄደ ግን ጉዳዩ የሰዓታት ነው፤ ወጌሻ ዘንድ ሳይባል በቀጥታ ሆስፒታል መሄድ ይገባል።

ሕመምተኛው ምን ያህል መስገድ እንደሚችል ለመወሰን የኤምአርአይ ሥዕል ብቻውን ፈራጅ አይሆንም። በ1994 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት የወገብ ሕመም የሌላቸው 98 ሰዎች ኤምአርአይ ተነሥተው፣ ከግማሽ በሚበልጡት ላይ ያበጠ ዲስክ ታይቷል። መለኪያው ሰውየው ዛሬ የሚችለው ነው፤ ሃይማኖቱም የሚጠይቀው አቅምን ነው። አቅም ደግሞ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ስለዚህ ከሐኪምና ከንስሐ አባት ጋር ተመካክሮ ከአድንኖ ወደ አስተብርኮ፣ ከአስተብርኮ ወደ ሰጊድ ደረጃ በደረጃ መመለስ ይቻላል። የማይመለስለት ሰው አምልኮ በአድንኖ ሙሉ ነው።