ስምና ወርቅ

ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞ፣ በጭልጋና በገንዳ ውኃ በኩል ወደ ምዕራብ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ መተማ ዮሐንስ ሲደርስ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው ገላባት ነው፤ የሱዳን ምድር ነው። ከተማይቱ የምትጠራው በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሽ ጦር ጋር ሲዋጉ በዚያው ቆስለው በሞቱት በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ስም ነው። እንዲህ ባለ የድንበር ከተማ የሚኖር ሰው ከመሐል አገር ሰው አስቀድሞ የሚማረው አንድ ነገር አለ። ይኸውም በኬላ የሚያልፍ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስሙን መሆኑ ነው። ምን ጫንክ፣ ወዴት ትሄዳለህ የሚሉት ጥያቄዎች ከዚያ በኋላ ይከተላሉ። ነጋዴውም፣ የከባድ መኪናው ረዳትም፣ ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የወረደው የቀን ሠራተኛም ስሙን ተናግሮ ያልፋል። በ1970ዎቹ ዓመታት ይህን ቆላ አቋርጠው ወደ ገዳሪፍ ለተሰደዱት ብዙ ኢትዮጵያውያን ግን ይህች አጭር ጥያቄ ከበረሓው ጥም የማታንስ አስፈሪ ነበረች። ስም ከታወቀ ሌላው ሁሉ ይታወቃልና።

ይህ የኬላ ጥያቄ በመጻሕፍት ንባብም ውስጥ ሥር የሰደደ ነው። አንባቢ ልብ ወለዱን ዘግቶ ከጓደኛው ጋር ሲጨዋወት ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ከአፉ የሚወጣው ቃል «ይህ ሰው ማን እንደሆነ ዐወቅኸው?» የሚል ነው። በተለይም መጽሐፉ ስለ ደራሲያንና ስለ ጋዜጠኞች፣ ስለ ማተሚያ ቤትና ስለ አሳታሚዎች ዓለም የተጻፈ ሲሆን ጥያቄው ይበረታል። የብዕር ሰዎች እርስ በርሳቸው ይተዋወቃሉ፤ አንባቢም ስማቸውን በጋዜጣና በመጽሔት አስቀድሞ ያውቀዋል። ስለዚህ መገመቱ ቀላል ነው፤ በቀላሉ የተገኘ ነገር ደግሞ ይጣፍጣል።

ለዚህ ከሁሉ የላቀው ምሳሌ የበዓሉ ግርማ «ደራሲው» ነው። መጽሐፉ ሲራክ የተባለን ደራሲ ኑሮና የድርሰት ምጥ ይተርካል። አንባቢው ግን «ሲራክ ማለት ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ነው» አለ፤ እስከ ዛሬም ይላል። ግምቱ መሠረት የሌለው አልነበረም። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ዘመን በአዲስ አበባ የጋዜጣና የመጽሔት ዓለም የሠሩና የሚተዋወቁ ነበሩ። ከዓመታት በኋላ ዘነበ ወላ የስብሐትን ሕይወት የሚተርከውን «ማስታወሻ»ን ሲያሳትም ደግሞ፣ ሲራክን ከስብሐት ጋር ሊያመሳክር ለሚሻ አንባቢ ሌላ መስታወት ተገኘለት።

ነገር ግን ግምቱ ትክክል ሆኖ ሳለ ንባቡ ስሕተት ሊሆን ይችላል። ስለ ደራሲ የተጻፈ ልብ ወለድ ሁሉ በሆዱ ይዞት የሚዞር አንድ ከባድ ጥያቄ አለ፤ የሰውን ሕይወት ወስዶ ታሪክ የሚያደርግ ሰው ለዚያ ሰው ምን ዕዳ አለበት? ሌሎችን ሲጽፍ የኖረው ሲራክ በተራው የሚጻፍ ሰው ሆኗል። በዓሉም የደራሲን ኑሮ ሲተርክ የሚያውቀውን ሰው ጥላ ይዞ ከሆነ፣ ጥያቄው በራሱ በመጽሐፉ አሠራር ላይ ተመልሶ ይወድቃል። «ስብሐት ነው» ብሎ መጽሐፉን የዘጋ አንባቢ እዚህ ድረስ አልመጣም። ከደጃፉ የተመለሰ እንግዳ ነው።

ይህ አነባበብ ከየት መጣ? ክፉ ልማድ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። ጎንደር የቅኔ አገር ነው። ቅኔ ቤት ያልገባው ሰው እንኳ ከአዝማሪ አፍ የሚወጣውን ቃል ሲሰማ ከላይ ያለውን ትቶ ከሥር ያለውን ይፈልጋል። ሰሙን አቅልጦ ወርቁን ያወጣ አድማጭ በጭብጨባ ይመሰገናል። በዚህ ትምህርት ያደገ ሕዝብ ልብ ወለድ ሲያነብ ከገጸ ባሕርዩ በስተኋላ ያለውን ሰው ቢፈልግ አያስገርምም። ይሁንና በመካከሉ አንድ መሳሳት አለ። በቅኔ ወርቁ ምሥጢር ነው እንጂ የሰው መጠሪያ አይደለም። የተቀኘለት ሰው ማን መሆኑን ማወቅ ወደ ምሥጢሩ የሚያደርስ መንገድ ሊሆን ይችላል፤ ግን መድረሻው አይደለም። የልብ ወለዱን ሰው ስም ያገኘ አንባቢ ወርቁን አገኘሁ ይላል፤ ያገኘው ግን ሌላ ሰም ነው። በአማርኛ ሰምና ስም በአንዲት ፊደል ብቻ መለያየታቸው ለዚህ ነገር የታሰበ ያስመስላል።

ልማዱ የኢትዮጵያውያን ብቻም አይደለም። ስሙ በአማርኛ ጆሮ እንደ ጥያቄ የሚሰማው ጀርመናዊው ደራሲ ቶማስ ማን በ1901 እ.ኤ.አ. «ቡደንብሮክስ»ን ባሳተመ ጊዜ፣ የትውልድ ከተማው የሉቤክ ሰዎች የትኛው ገጸ ባሕርይ የትኛው ነዋሪ እንደሆነ የሚያሳይ ዝርዝር እያዘጋጁ ከእጅ ወደ እጅ ያስተላልፉ ነበር። ሉቤክ የወደብና የንግድ ከተማ ናት፤ ሰው ሁሉ ሰውን ያውቃል። ደራሲው በ1906 እ.ኤ.አ. በጻፈው መልስ፣ ጸሐፊ ከውጭ የወሰደውን መልክ በራሱ ነፍስ ሲሞላው ያ መልክ የጸሐፊው ይሆናል ሲል ተከራከረ። ክርክሩ ጠንካራ ቢሆንም፣ መልኩ የተወሰደበትን ሰው የሚያጽናና አይደለም።

በሉቤክ ጉዳዩ በቅያሜና በሐሜት አለፈ። በኢትዮጵያ ግን እንዲህ አላለፈም። በዓሉ ግርማ የ1974 ዓ.ም. የቀይ ኮከብ ዘመቻን መነሻ ያደረገውን «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. አወጣ። መጽሐፉን ያሳተመው የመንግሥት የነበረው ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ነው፤ ደራሲውም በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ኀላፊ ነበር። ይኸ ሊሰመርበት የሚገባ ነገር ነው። መጽሐፉ በድብቅ የታተመ አልነበረም፤ በሕጋዊው በር የወጣ ነው። ከገበያ የተሰበሰበው ከወጣ በኋላ፣ ከተነበበ በኋላ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ራሳቸውን ያዩ ባለሥልጣናት እንደነበሩ በሰፊው ተነግሯል። ደራሲው ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ሳይመለስ ቀረ። ፍርድ ቤት አልቀረበም፤ መቃብሩም አልታወቀም።

እዚህ ላይ አንድ ደስ የማይል ነገር መናገር ግድ ይሆናል። «ሲራክ ስብሐት ነው» ብሎ የተደሰተው አንባቢና «ይህ እኔን ነው» ብሎ የተቈጣው ባለሥልጣን ያነበቡት በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። ሁለቱም እንደ ኬላ ፈታሽ ጆንያውን ፈትተው የተደበቀ ዕቃ ፈለጉ፤ ሁለቱም ያገኙት ስም ነው። የመጀመሪያው በእጁ ላይ ማኅተም ስላልነበረው ጨዋታው በሣቅ አለቀ። ሁለተኛው ማኅተም ነበረው። ኀጢአታቸው እኩል ነው ለማለት አይደለም፤ አንዱ ያወራ፣ ሌላው ሰው ያጠፋ ነውና። ነገር ግን በጉልበተኛ እጅ የገዳይ መሣሪያ የሚሆን አነባበብ በሰላማዊ ሰው እጅ ሲውል ንጹሕ ልማድ ነው ማለት ያስቸግራል።

ለዚህ አስተያየት የሚሰጠው መልስ ቀላል አይደለም። በዚያን ጊዜ ጋዜጣ እውነቱን አይጽፍም ነበር። ስለ ጦርነቱና ስለሚመሩት ሰዎች መጠየቅ የሚሻ ዜጋ ከልብ ወለድ በቀር የሚያነበው ምን ነበረው? «ይህ እገሌ ነው» ማለት የተከለከለን ዜና ማንበብ ነበር። እንዲህ የሚል ሰው እውነት አለው። የተሰበሰበው «ኦሮማይ» ተደብቆ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ያነበቡት ሰዎች፣ ለሐሜት ብቻ ራሳቸውን ለአደጋ አጋለጡ ማለት ግፍ ነው። ይሁንና እነዚያም አንባቢዎች ቢሆኑ መጽሐፉን እስከ ዛሬ ያቆዩት ባለሥልጣናቱን ለይተው ስላወቁ አይደለም። በጦርነት ውስጥ የተያዘ ሰው ለራሱ የሚናገረውን ውሸትና ራሱን የሚያታልልበትን ብልሃት ስላገኙበት ነው።

ስም ካልተደበቀስ አንባቢ ምን ያደርጋል? ይህን ለማየት ከመተማ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በዚያው በምዕራብ ጎንደር ቆላ ቋራ አለ፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት የቋራው ካሣ አገር። ስለ እኚህ ሰው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትና ጸጋዬ ገብረ መድኅን ቴያትር፣ ብርሃኑ ዘሪሁንና አቤ ጉበኛ ልብ ወለድ ጽፈዋል። እዚህ ላይ «ማን ነው?» የሚል የለም። ስለዚህ አንባቢው ሳይወድ በግድ ወደ ሌላ ጥያቄ ይገፋል። ብርሃኑ ስለምን እንባውን መረጠ? አቤ ስለምን «አንድ ለእናቱ» ብሎ ከእናቱ ጋር አቈራኘው? የካሣን እናት «ኮሶ ሻጭ» እያሉ የሰደቡት የጊዜው መኳንንት ስም ሰጥተው ሰውን ማሳነስ የሚያውቁ ነበሩ፤ ያን ስድብ በየትኛው እጁ እንደሚይዘው እያንዳንዱ ጸሐፊ መወሰን ነበረበት። የቆላው ሰው ደግሞ ከነዚህ አንዱን አንብቦ «የእኛ ካሣ እንዲህ አይደለም» ቢል ተገቢ ክርክር ነው። ሰውየውን መለየቱን ትቶ ከደራሲው ጋር ተያይዟል። ከመምህራን ወገን «ሲራክ የማን አምሳል ነው?» ብሎ ተማሪውን የሚጠይቅ ካለ፣ ከዚህ የቋራ ክርክር ሊማር ይችላል። «ሲራክ ባይጽፈው ይሻለው የነበረ ነገር አለን?» ተብሎ የተጠየቀ ተማሪ መልሱን ከጓደኛው ሊቀዳ አይችልም።

ደራሲውስ? እስከዚህ ድረስ የተባለው ሁሉ ሸክሙን በአንባቢው ላይ የጣለ ይመስላል። ነገር ግን ገጸ ባሕርዩን የጎረቤቱን አረማመድ ያስረመደ፣ የጓደኛውን ንግግር በአፉ ያስገባ ደራሲ፣ አንባቢ ቢገምት ሊቈጣ አይገባውም። መገመቱን እርሱ ጋብዟል። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነበር ማለት ይቻላል፤ ብዕር ነበረው። በሰው መጽሐፍ ውስጥ የተሣለው መልክ ካልተስማማው በራሱ መጽሐፍ ሌላ መልክ ሊሥል ይችላል። ብዕር የሌለውስ?

በየዓመቱ በአረምና በአጨዳ ወራት ከደጋው ወደ መተማ፣ ወደ ቋራና ወደ ምዕራብ አርማጭሆ የእርሻ ቦታዎች ብዙ ሺህ የቀን ሠራተኞች ይወርዳሉ። ሰሊጥ ያጭዳሉ፤ ጥጥ ይለቅማሉ፤ በሐሩሩና በወባው መካከል ይከርማሉ። በዚያው ቆላ የጉሙዝ ገበሬዎች ከጥንት ይኖራሉ። በመተማ በኩል ከሱዳን የሚገባና ወደ ሱዳን የሚወጣ ስደተኛ በየዘመኑ አለ፤ በ2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣም በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች በዚሁ በር ገብተዋል። ከከተማ የመጣ ደራሲ በእነዚህ ሰዎች መካከል ጥቂት ሰንብቶ ኑሯቸውን በመጽሐፍ ቢያወጣ፣ ከእነርሱ አንዱ የራሱን ጠባሳ፣ የራሱን የቤት ምሥጢር በገጹ ላይ ሲነበብ ቢሰማ ምን ይላል? «ይህ እኔ ነኝ» ይላል። ያው ባለሥልጣኑ የተናገረው ቃል ነው። ነገር ግን ከዚህ ሰው አፍ ሲወጣ ቃሉ አቤቱታ ነው። መጽሐፍ የሚሰበስብበት ማኅተም የለውም፤ ለአሳታሚው ደብዳቤ አይጽፍም፤ ሌላ መጽሐፍም አያሳትምም። በእጁ የቀረው ይህች «ማን ነው?» የምትባል ጥያቄና ለጥያቄዋ የሚሰጠው መልስ ብቻ ነው። እንግዲህ ጥያቄዋን በጅምላ ማውገዝ አይቻልም። ኬላው ላይ የሚጠይቀው ማን ነው፤ የሚጠየቀውስ? ፍርዱ ከዚህ ተነሥቶ ይለያያል። ስለ ደራሲነት የሚጻፉ መጻሕፍት ይህን ዕዳ ብዙ ጊዜ በደራሲና በደራሲ፣ ወይም በደራሲና በመንግሥት መካከል ብቻ ያዩታል። ሦስተኛው ሰው፣ ኑሮው ተወስዶ መጽሐፉን ገዝቶ ለማንበብ አቅም የሌለው ሰው፣ በነዚህ መጻሕፍት ውስጥ እምብዛም አይታይም።

ቅድመ ምርመራ በ1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ቀረ። «ኦሮማይ» በግልጽ ታትሞ መሸጥ ከጀመረ ቆየ፤ በ2025 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ ወጥቷል። በውጭ አገር የሚያነበው ሰው ከባለሥልጣናቱ አንዱንም አያውቅም። ጸጋዬ ኃይለ ማርያምንና ፊያሜታ ጊላይን ብቻ ያውቃል። ይህ ሁኔታ በባሕር ማዶ ብቻ የሚገኝ አይደለም። በገንዳ ውኃ ወይም በመተማ ዮሐንስ ዛሬ ሃያ ዓመት የሆነው ወጣት ያ ዘመን ካለፈ በኋላ የተወለደ ነው። መጽሐፉን ይዞ ሲያነብ ያየ ሽማግሌ አጠገቡ ተቀምጦ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይኸ እኮ እገሌ ነው» ቢለው፣ ወጣቱ ቀና ብሎ «እገሌ ማን ናቸው፣ አባባ?» ይላል። ከዚያ ወደ ገጹ ይመለሳል።